የቤት ሌዘር ለሕመም፦ ማንን ይጠቅማል? ማንንስ አይጠቅምም?

የበኩር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ወንድሜ ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት የሌዘር መሣሪያ ሊገዛልን ነው። በእጅ የሚያዝ፣ ቀይ ብርሃን የሚያበራ ትንሽ ዕቃ ነው። ያሰበው ለእናታችን ነው። ጉልበቷን ካመማት ቆየ። ሐኪም ኦስቲዮአርትራይተስ፣ ማለትም የመገጣጠሚያ መሸርሸር ነው ብሏታል። የጨጓራ ቁስለት ስላለባት የሕመም ማስታገሻ ክኒን እንደ ልቧ መውሰድ አትችልም።

አሁን ግን ቤተሰቡ ሁሉ ወረፋ ይዟል። እኔ ኮምፒውተር ላይ ስውል አንገቴ ይደርቃል። አጎታችን ወገቡን ያመዋል፤ ሕመሙ እስከ እግሩ ይወርዳል። የአክስቴን ልጅ ደግሞ መላ ሰውነቷን ነው የሚያማት። ሁሉም "እኔም ልሞክረው" ይላል። እውነት ለሁላችንም ይሠራል? በሙያው ያላችሁም፣ የሞከራችሁም ጻፉልኝ። ማስታወቂያውን አንብቤዋለሁ፤ እሱ ብቻ አላረካኝም።

ፊዚዮ ነኝ

እህቴ፣ በደንብ ጠየቅሽ። እቤታችሁ አራት ሰው፣ አራት ዓይነት ሕመም አለ። ስለዚህ መልሱም አንድ አይሆንም።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያው። ይህ ሌዘር እንደ ቀዶ ሕክምናው ሌዘር አይቆርጥም፤ በትክክል ከተሠራም አያቃጥልም። ቀይ ወይም በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። የሞገድ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ600 እስከ 1000 ናኖሜትር ባለው ክልል ውስጥ ይሆናል። ብርሃኑ በሴሎቻችን ውስጥ ኃይል ወደሚያመነጨው ክፍል፣ ወደ ማይቶኮንድሪያ፣ ሲደርስ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም ይቀበለዋል ተብሎ ይታሰባል። ከዚያ ሴሉ የበለጠ ኃይል ያመነጫል፤ ብግነቱም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ ሕመም የሚያስተላልፉት ነርቮች ለጊዜው ሥራቸውን ይቀንሳሉ።

እኔ በሽተኛ ሲጠይቀኝ ሦስት ነገር አያለሁ። ሕመሙ በሐኪም ታይቶ ምንነቱ ታውቋል ወይ? ቦታውን በጣት መጠቆም ይቻላል ወይ? ለቆዳ ቅርብ ነው ወይ? ሦስቱም "አዎ" ከሆኑ መሞከሩ ያዋጣል።

እናትሽ ሦስቱንም ታሟላለች። ጉልበት ላይ መገጣጠሚያው ሩቅ አይደለም፣ ምርመራውም አልቋል። በዚያ ላይ ክኒን የማይስማማት ሰው ስለሆነች ከሌላው ሰው ይልቅ እሷ ትጠቀማለች ብዬ አስባለሁ። ያንቺ አንገትም ጥሩ ዕድል አለው። አጎትሽ ግን ሌዘር ከመያዛቸው በፊት መመርመር አለባቸው። እስከ እግር የሚወርድ ሕመም ብዙ ጊዜ ምንጩ ወገብ ውስጥ የተጫነ ነርቭ ነው። የእጅ መሣሪያ ብርሃን እዚያ ድረስ ብዙም አይዘልቅም።

የአክስትሽ ልጅ ነገር ያሳስበኛል። መላ ሰውነትን የሚያም ሕመም ነጥብ በነጥብ በሚያበራ ዕቃ አይያዝም። የት ትጀምራለች? የት ትጨርሳለች? ደሟ ይታይ፣ የታይሮይድ ዕጢዋ ይታይ፣ እንቅልፏ ይጠየቅ። ፋይብሮማያልጂያ (መላ ሰውነትን የሚያም፣ የቆየ የሕመም ዓይነት) ከሆነም ብዙ የሚረዳት ቀስ ብሎ የሚጨምር እንቅስቃሴ ነው።

ጥርጣሬ አለኝ

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔ አልተዋጠልኝም። የመገጣጠሚያ ሕመም ይነሳል፣ ይበርዳል። ሰው መሣሪያ የሚገዛው ሕመሙ ሲብስበት ነው። ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል፤ ምስጋናው ለመሣሪያው ይሆናል። ደግሞም እንዲህ ያለ ፋሽን በየጊዜው ይመጣል። ማግኔት ነበር፣ የመዳብ አምባር ነበር። ዛሬ ደግሞ ብርሃን። በባዶ መሣሪያ፣ ማለትም እውነተኛውን በሚመስል ግን የሕክምናውን ብርሃን በማይሰጥ ዕቃ፣ እየተነጻጸረ የተሠራ ጥናት ካለ አሳዩኝ። ከሌለ የሰዎቹን ተስፋ አንነግድበት።

ፊዚዮ ነኝ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ቢበዛ ደስ ይለኛል።

በባዶ መሣሪያ የተነጻጸሩ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣው ግምገማ የአንገት ሕመምን የሚመለከት ነው። 16 ጥናቶችን፣ 820 ሕመምተኞችን ይዟል። ድንገት በጀመረ የአንገት ሕመም ላይ ከሕክምናው ወዲያው በኋላ እፎይታ ታይቷል። ሥር በሰደደው ላይ ደግሞ ሕክምናው ካለቀ በኋላ እስከ 22 ሳምንት የቆየ እፎይታ ተመዝግቧል።

ለጉልበት እ.ኤ.አ. በ2019 ቢኤምጄ ኦፕን በሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ግምገማ አለ። 22 ጥናቶች ተገምግመዋል። ከ100 በሚለካ የሕመም መለኪያ ላይ ከባዶው መሣሪያ ጋር ያለው ልዩነት በአማካይ 14 አካባቢ ነበር። የተመከረውን መጠን የተጠቀሙት ለብቻ ሲታዩ ወደ 19 ከፍ ብሏል። ይህ ተአምር አይደለም። ግን ደረጃ ሲወጡ ለሚሰቃዩ ሰው ትንሽም አይደለም።

የወገብ ነገር ግን ደካማ ነው፤ እዚያ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ይህን ሌዘር ከአማራጮች መካከል ጠቅሶታል። ማስረጃው ዝቅተኛ ጥራት እንዳለው ግን አብሮ ተናግሯል።

ፋሽን ነው ላልከው፣ ነገሩ ቆየት ያለ ነው። የመጀመሪያው ሌዘር የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1967 ገደማ፣ እንድሬ ሜስተር የሚባል የሃንጋሪ ሐኪም ቡዳፔስት ውስጥ አይጦች ላይ ሞከረው። ፀጉራቸው ተላጭቶ ብርሃን ያገኙት አይጦች ፀጉራቸው ቶሎ በቀለ። ከዚያ ወደ ቁስል ማዳን፣ ቀጥሎም ወደ ሕመም ሄደ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት ክሊኒክ ውስጥ፣ በባለሙያ እጅ ነው። ቤት ያለው መሣሪያ ያንኑ ውጤት የሚሰጠው መጠኑና ቦታው ያንኑ ከሆነ ብቻ ነው።

ቁጥር ወዳድ

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነኝ። ሰዎች ብዙ የሚጎዱት እዚህች መጠን ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

መሣሪያው ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ። አንደኛው የሞገድ ርዝመት ነው፣ በናኖሜትር። ሁለተኛው ኃይል ነው፣ በሚሊዋት። ሁለቱ ካልተጻፉ አትግዙት። "ኃይለኛ"፣ "ጥልቅ ዘልቆ የሚገባ" የሚል ቃል ቁጥርን አይተካም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ኃይል በዋት ሲባዛ በሰከንድ፣ ጁል ይሰጣል፤ ጁል ቆዳው ላይ ያረፈው የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ዓለም አቀፉ የሌዘር ሕክምና ማኅበር ለጉልበት የሚመክረው፣ ከ780 እስከ 860 ናኖሜትር ባለው ሌዘር በአንድ ነጥብ ቢያንስ 4 ጁል ነው። በ904 ናኖሜትር ለሚሠራው ባለ ምት (ብልጭ ድርግም እያለ ለሚያበራው) ሌዘር ደግሞ ቢያንስ 1 ጁል ይበቃል።

አሁን 100 ሚሊዋት መሣሪያ ውሰዱ። 0.1 ዋት ማለት ነው። 4 ጁል ለማድረስ በአንድ ነጥብ 40 ሰከንድ ይፈልጋል። ጉልበት ዙሪያ ስድስት ነጥብ ቢሆን 4 ደቂቃ ነው። ጥሩ።

አሁን ደግሞ 5 ሚሊዋት ያለውን ውሰዱ። በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ለአንድ ነጥብ 800 ሰከንድ ያስፈልገዋል። ከ13 ደቂቃ በላይ፣ ለአንድ ነጥብ! ስድስት ነጥብ ከሆነ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ማን ነው ይህን በትዕግሥት የሚያደርገው? መመሪያው "በየነጥቡ አንድ ደቂቃ" ካለ የሚደርሰው 0.3 ጁል ብቻ ነው። ከዚያ ሰውየው "ሌዘር አይሠራም" ይላል። እሱ ጋ ሌዘሩ ገና አልደረሰም።

ሌላው፣ ብዛት ጥቅም አይደለም። መጠኑ ሲያንስ ምንም አይሆንም፣ ልክ ሲሆን ይረዳል፣ ሲበዛ ጥቅሙ መልሶ ይቀንሳል። "ቶሎ እንድድን" ብሎ ሦስት እጥፍ መያዝ አያስፈልግም።

ጥርጣሬ አለኝ

ይሄ ገብቶኛል። መጠኑ ያልደረሰበት ጥናት ከደረሰበት ጋር ተደባልቆ ከሆነ ውጤቱ ለምን እንደሚዋዥቅ ግልጽ ነው። ለጉልበትና ለአንገት ሐሳቤን አለዝባለሁ። ለወገብ ግን አልለቅም።

ልብስ ሰፊዋ

እኔ የሞከርኩትን ልናገር። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ መቀስና መርፌ ነው። የክርኔ ውጫዊ ጎን ያመኝ ነበር። ጆግ ማንሳት አቅቶኝ ነበር። ሐኪሙ ቴኒስ ኤልቦ አለኝ፤ ቴኒስ ተጫውቼ አላውቅም! ጅማቱ ነው የተቆጣው አለኝ።

ክሊኒክ ውስጥ የፊዚዮ ባለሙያዋ ነጥቦቹን በብዕር ምልክት አድርጋ አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ እቤት እኔው ቀጠልኩ። ሲበራ ምንም አይሰማም፤ አይሞቅም፣ አይነዝርም። በመጀመሪያው ሳምንት ለውጥ አላየሁም። እየቆየ ግን ማታ ማታ የነበረው ጥዝጣዜ ቀነሰ። ዋናው ነገር ምን መሰላችሁ? ሕመሙ ሲቀንስ የተሰጠኝን የክንድ ማጠንከሪያ ስፖርት መሥራት ቻልኩ። በፊት ስለሚያመኝ እተወው ነበር። እኔ የዳንኩት በሁለቱ ነው እላለሁ። መቀሱንም ቀየርኩ፤ ለእጄ የሚመች ያዝኩ።

እህቴ፣ እናትሽንም ነጥቦቹን የሚያሳያት ባለሙያ ቢኖር ጥሩ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ማየት ይበቃል።

ፊዚዮ ነኝ

ልብስ ሰፊዋ የተናገረችው ዋናው ቁም ነገር ነው። ጉልበት ላይም እንዲሁ ነው። የጭን ጡንቻ ካልጠነከረ ጉልበቱ ሸክሙን ብቻውን ይሸከማል። ሌዘሩ ሕመሙን ሲያቀል ለእንቅስቃሴ በር ይከፈታል። በሩን ማንም ካልገባበት ግን ጥቅሙ ሳምንታት ቆይቶ ያልቃል። ስለዚህ "ማንን ይጠቅማል?" ለሚለው የኔ አጭር መልስ፦ ሕመሙ ሲቀልለት ለመንቀሳቀስ የተዘጋጀን ሰው።

የወገብ ነገር

ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜ የገፋሁ ሰው ነኝ። እንደዚያች ልጅ አጎት ነው የሚያደርገኝ። ወገቤ ተነስቶ በመቀመጫዬ በኩል እስከ ባቴ ይወርዳል። ዲስክ መንሸራተት ነው ተብያለሁ። ልጄ መሣሪያውን ልኮልኛል፤ ወገቤ ላይ ሳበራው ደስ ይለኛል፣ ግን ለውጡ እምብዛም ነው። ልቀጥል ወይስ ልተው?

ፊዚዮ ነኝ

አባባ፣ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ምርመራ ማድረግዎ መልካም ነው። ወገብ ላይ ጡንቻው ወፍራም ነው፤ ዲስኩ ደግሞ ከጡንቻው በስተጀርባ ጥልቅ ውስጥ ነው። ከቤት መሣሪያው ብርሃን እዚያ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ነው። ዙሪያውን የደረቀውን ጡንቻ ሊያለዝብልዎ ይችላል፤ ደስ የሚልዎም ለዚያ ይሆናል። ጉዳት የለውም። ለጥቂት ሳምንት በትክክለኛው መጠን ተጠቅመው ለውጥ ካላዩ ግን ይተዉትና ጊዜዎን ለእርምጃና ለታዘዘልዎ ስፖርት ይስጡት። አብዛኛው የዲስክ ሕመም በወራት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል።

አሁን የምነግርዎን ግን አደራ ያስታውሱት፤ ሌሎቻችሁም። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም ሽንት አልወጣ ካለ፣ በመቀመጫና በጭን መካከል ከደነዘዘ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ፣ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ሌሊት ተኝተውም የማይተው ሕመም ካለም ሐኪም ሳያይዎ ሌዘር አይንኩ። ባት በአንድ በኩል ብቻ አብጦ ከሞቀ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። መገጣጠሚያ በድንገት ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ካበጠም ሪህ ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ የሌዘር ጉዳይ አይደሉም።

የካንሰር ክፍል ነርስ

እኔ በተለየ በኩል ልግባ። በሥራ ቦታችን ይህን ብርሃን የምናውቀው ለአፍ ቁስለት ነው። ለራስና አንገት ካንሰር ጨረር የሚወስዱ፣ የመቅኔ ንቅለ ተከላ የሚደረግላቸው ሰዎች አፋቸው ይቆስላል። መዋጥ ያቅታቸዋል። ብርሃኑ ቁስለቱን እንዲከላከል ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት በመመሪያቸው ይመክሩታል። ለዚህ ሕክምና ካሉት ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው ይህ ይመስለኛል።

ግን ይህ የሚሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ በተሰላ መጠን፣ በካንሰር ቡድኑ ፈቃድ ነው። እቤት ያላችሁ ሰዎች፣ ካንሰር ያለበት ወይም የነበረበት ቦታ ላይ በራሳችሁ አታብሩ። ምንነቱ ያልታወቀ እብጠት ላይም እንዲሁ። "ትንሽ ብርሃን ምን ያደርጋል?" አትበሉ። የሴልን ኃይል የሚጨምር ነገር የትኛውን ሴል እንደሚያበረታ ማወቅ አለብን።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ሆድና ወገብ ላይ አትጠቀሙ። አንገታችሁን ለማከም ከሆነ ከኋላና ከጎን ይሁን፤ ከፊት የታይሮይድ ዕጢው ላይ አታብሩ። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ) ያለባችሁ፣ ወይም ቆዳችሁ ለብርሃን እንዲቆጣ የሚያደርግ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን፣ መጀመሪያ ጠይቁ።

የመንታ እናት

ልጆች ባሉበት ቤትስ? የኔዎቹ የሚያበራ ነገር ካዩ አይለቁም።

ቁጥር ወዳድ

ተቆልፎ ይቀመጥ። ይህ ቀልድ የለውም። ከ5 እስከ 500 ሚሊዋት ያለው ሌዘር በአደገኝነት ደረጃው ክፍል 3ቢ ይባላል። ቀጥታ ዓይን ውስጥ ከገባ ሬቲናን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ውስጠኛ ክፍል፣ በቅጽበት ሊያቃጥል ይችላል። ኢንፍራሬድ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ስለማይታይ ዓይን አይርገበገብም፣ ፊትም አይዞርም። ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር ከመሣሪያው ጋር ይምጣ። የፀሐይ መነጽር አይተካውም። መስታወት ፊት አታብሩት። መጀመሪያ ቆዳ ላይ አስነኩት፣ ከዚያ አብሩት፣ አጥፍታችሁ አንሱት።

ሌላም ላንሳ። ጥቁር ቆዳ ብርሃኑን በብዛት ውጪው ላይ ስለሚይዘው ይሞቃል። በ810 ናኖሜትር አካባቢ ያሉ ጠንካራ ሌዘሮች ላይ ይህ ሙቀት በግልጽ ተለክቷል፤ በ904ቱ ላይ ግን እምብዛም ነው። ስለዚህ ኃይሉ ከ200 ሚሊዋት በላይ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ረጅም ጊዜ አትያዙት። ካቃጠላችሁ አንሱ። ንቅሳት ላይም አታብሩ።

ስለ ፈቃድም ልናገር። "በኤፍዲኤ (በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) የተፈቀደ" የሚለውን ጽሑፍ በጥንቃቄ አንብቡት። ብዙዎቹ ያለፉት ቀድሞ ገበያ ላይ ካለ መሣሪያ ጋር ይመሳሰላሉ ተብለው ነው። ይህ ሕመምን እንደሚያድን ተረጋግጧል ማለት አይደለም።

የበኩር ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለወንድሜ ሁሉንም አነበብኩለት። ሊገዛው የነበረው ላይ ሚሊዋቱ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ቁጥሩ የተጻፈበት እየፈለገ ነው። አጎታችን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዘዋል። የአክስቴ ልጅ ትንሽ ቅር አላት፤ ግን ደሟን ለመመርመር ተስማምታለች።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። እናቴ እየጠቀማት መሆኑን በምን እናውቃለን? ሰው ደስ እንዲለው ብላ "ተሽሎኛል" የምትል ሴት ናት። ሌላው ደግሞ፣ አክስቴ አንድ ጉልበቷ በቀዶ ሕክምና ተቀይሮ ብረት ገብቶበታል። እሷም ከጎን ሆና እየጠየቀች ነው።

ፊዚዮ ነኝ

ለእናትሽ፣ "እንዴት ነሽ?" ብለሽ አትጠይቂያት። የምትሠራውን ነገር እዪ። ከመጀመራችሁ በፊት ከወንበር ተነስታ ስትቆም እጇን ትደገፋለች ወይ? ደረጃ ስትወጣ ስንት ጊዜ ታርፋለች? ሌሊት ሕመሙ ይቀሰቅሳታል? ጻፊው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እያደረጋችሁ ቆዩ፤ በአንድ ወር ገደማ መልሰሽ እዪና ከጻፍሽው ጋር አስተያዪ። ለውጥ ከሌለ መጠኑን እንደገና አስሉ። እሱም ትክክል ሆኖ ለውጥ ከሌለ እሷን የሚጠቅማት ነገር አይደለም፤ ያለ ጸጸት ተዉት።

ስለ አክስትሽ፣ ብረቱ ራሱ ችግር የለውም። ይህ ብርሃን ብረትን አያግልም፤ ፊዚዮቴራፒ ውስጥ በብረት ላይ የሚከለከሉት ጥልቅ ሙቀት የሚሰጡት መሣሪያዎች ናቸው። ግን የተቀየረ ጉልበት ውስጥ የሚታከም የተሸረሸረ መገጣጠሚያ የለም። ደህና የነበረው የተቀየረ ጉልበት አሁን አዲስ ማመም ጀምሮ ከሆነ ብረቱ ላልቶ ወይም ኢንፌክሽን ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሌዘሩን አታውሷት፤ መጀመሪያ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገላት ሐኪም ይያት፣ ራጅም ትነሳ።